እርጥብ ልብስ የተሰጣበት ክፍል

ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሳያባራ

ለምትናፍቀኝ ባለቤቴ፣

እንዴት ነህ? ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ግራ ገብቶኛል። የማማክረው ሰው ስላጣሁ አንተኑ ላድክምህ።

የልጃችን ሳል ብሶ ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር። ብርድ ነው ብዬ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ዝናቡ ውጭ ማስጣት ስለከለከለኝ የደንበኞቼን አንሶላ ሁሉ እሷ ክፍል ገመድ ላይ እሰጣው ጀመር፤ እርጥበቱ ደረቷን ያለዝብላታል ብዬ ደግሞ ደስ ብሎኝ! አልጋዋንም አንተ በላክህላት ወፍራም ብርድ ልብስ ደራርቤ አሞቅኩላት። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም።

ሐኪሟ አስም ነው አለችኝ። ፍራሽና ብርድ ልብስ ውስጥ በዓይን የማይታይ ተባይ አለ፣ እርጥበት ሲያገኝ ይራባል፣ ኩሱ ከአቧራ ጋር ሲተነፈስ ነው ደረቷን የሚያፍናት አለች። የሰፈሩን ልብስ የማነጣ ሴት ቤትሽ ተባይ አለው ስባል አስበው እስቲ። ትኋን ነው እንዴ ብዬ ተቆጣኋት። ሳቅ አለችና ማንም ቤት አለ፣ የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም፣ ክፍሉን አድርቂው፣ መስኮት ክፈቺ፣ አንሶላዋን በጣም በሞቀ ውሃ እጠቢ አለችኝ። እኔ ስከፍት ደግሞ እናትህ ይመጡና ልጅቷን በብርድ ልትገያት ነው ወይ ብለው ይዘጉት ነበር። ማንን ልስማ? ለሐኪሟ ስል እየከፈትኩ፣ ለእናትህ ስል እየዘጋሁ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነበርኩ።

ልብሱንስ የት ልውሰደው? የሚያበላን ይኸው ሥራ ነው፤ ልጄን የሚያፍናትም እሱ ሆነ። መላ ሲጠፋኝ እህቴ ጋ ወሰድኳት። የእህቴ ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ ደረቅ ነው። እዚያማ ለጥ ብላ ትተኛለች፣ ትሮጣለች፣ ትስቃለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ይባባል። ከኔ ስትርቅ ተሻላት ማለት ነው? እንዲህ ማሰብ ሞኝነት ነው፣ አይደል?

ትናንት ልጠይቃት ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ስታየኝ እየሮጠች መጣችና፣ ልታቅፈኝ እጇን እንደዘረጋች ቆም አለች።

"እማዬ፣ ተባዮቹ ቀሚስሽ ላይ አሉ?"

እንጃ አልኳት። እኔም እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

ደረትህን ሸፈን አድርግ ልልህ ነበር፤ አሁን እሱንም መምከር ፈራሁ። እግዜር ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ በሰላም መልሶ ደጃፋችን ላይ ያቁምህ። ነገ ደንበኞቼ ልብሳቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። እኔስ ልጄን መቼ ነው የምወስዳት?

የልጅህ እናት