ሰሜን ከላይ፣ ቆላ ከታች፣ በበሩ ሎሚ

አለቤ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር፣ ጤና ከማይጠየቅበት ቦታ ነህ። እኔ ደኅና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝም የምለው ይህንኑ ነው። ከተለየኸኝ ዓመት ሞልቶ አለፈ። የቀሐ ውኃ ጎድሎ ድንጋዮቹ ወጥተዋል፤ የጠዋቱ ብርድ እንደገና ጠንክሯል፤ ማኪናዎቹም ሰሊጥ ሊጭኑ ወደ ቆላ መውረድ ጀምረዋል። ሲያልፉ ድምፃቸውን ስሰማ ሥራዬን ትቼ ቆም እላለሁ። ያንተን ትሬንታ ኳትሮ ማኪና ከሌላው ለይቼ አውቀው ነበር። አሁን ሌላ ሰው ነው የሚነዳው፤ ጆሮዬ ግን ይህን አልተቀበለም።

ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረድብኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው እንደሌለ ታውቃለህ። ከረሜላና ስኳር ከተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ለቅሜ የተማርኩት ነው። ለዚህም ነው የዓለሙን ወሬ ሁሉ ከመካከሉ ጀምሬ መጨረሻውን ሳላገኝ የማውቀው። ያንተንም ነገር መጨረሻውን ያገኘሁት አሁን በቅርቡ፣ በሙት ዓመትህ ቀን ነው። የምጽፍልህም ስለዚያ ነው። ነገሩ የፍሪጁ ነገር ነው።

ከአሥመራ ጭነኸው የመጣህበትን ቀን አስታውሳለሁ። ግንቦት ነበር፤ ክረምቱ ሊማሊሞን ሳይዘጋው ልድረስ ብለህ አቧራ ለብሰህ ገባህ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ፊቴ ጠቁሮ ነበር። ልትነሣ ሁለት ቀን ሲቀርህ ሽለምጥማጥ ገብቶ ዶሮዎቼን አንድ ሳያስቀር ፈጅቷቸው ነበርና። ለሌላው ሰው ዶሮ ነው፤ ልጅ ላልሰጠው ቤት ግን ጠዋት በሩን ሲከፍቱት የሚሮጥ ነገር ማለት ነው። ባዶ ቆጣቸውን እያየሁ ስቀመጥ አይተኸኝ ሄድክ። ስትመለስ ይህን ነጭ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር አራት ሰው ተሸክሞት ከኋላህ ገባ።

ከሥሩ ላምባ ሞልተህ ክሩን ስትለኩስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የሺ ትዝ ይልሃል፣ ‹‹እሳት አንድዶ ብርድ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ›› ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በማግስቱ ግን በረዶውን ከፊቷ ስታስቀምጥላት አማተበች እንጂ አልሳቀችም።

እኔ ያስጨነቀኝ በረዶው አልነበረም፤ ክፍሎቹ ነበሩ። አንድ ሣጥን መስሎኝ ስከፍተው ውስጡ ቤት ሆኖ አገኘሁት፤ ጓዳ አለው፣ ቆጥ አለው፣ መሳቢያ አለው፣ በሩ ራሱ ሌላ ኪስ አለው። የሠራው ሰው ለእያንዳንዱ አንድ ነገር አስቦ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ያሰበውን ግን የሚነግረኝ የለም። ጠያቂነቴን ታውቀዋለህና እየጠቆምኩ ይህስ፣ ይህስ አልኩህ። አንተም መንገድ ለጠፋው ሰው እንደሚጠቁም ሾፌር ሳታመነታ መለስክልኝ።

ከላይ ያለችውን፣ ትንሽ የብረት በር ያላትን ሳሳይህ ‹‹ሰሜን ናት›› አልክ። እጄን ባገባ ውርጩ ነከሰኝ። ከሥሯ የተንጠለጠለውን ዝርግ ሳህን ሳሳይህ ‹‹እሱማ ሊማሊሞ ነው፤ ከሰሜን የተንሸራተተ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው›› አልክ። የሽቦ መደርደሪያዎቹን ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጎንደር እያልክ በጣትህ እየነካህ ወረድክ። ታች ያለው የመስተዋት ክዳን ያለው መሳቢያ ቆላ ሆነ፤ ‹‹እዚህ ብርዱ አይጠናም፣ ጎመንና ቃሪያሽን እዚህ አኑሪ›› አልከኝ። እኔ ከከተማችን ዳር ከወለቃ አልፌ የማላውቅ ሴት አገርህን ሁሉ፣ ወር ሙሉ የሚወስድብኝን መንገድህን፣ በአንድ ቁመት አየሁት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ስትወጣ በሩን ከፍቼ ዛሬ እዚህ ደርሷል፣ ዛሬ እዚህ ያድራል እያልኩ መደርደሪያውን እነካ ነበር። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

በበሩ ላይ ያለችውን ክዳን ያላትን ትንሽ ሣጥን ‹‹ኬላ ናት፤ ቀረጥ ሳይከፈል አይታለፍም›› ብለህ ከኪስህ ከረሜላ አውጥተህ አኖርክባት። ከዚያ በኋላ ከየትም ስትመለስ ገና ጫማህን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምትሄደው ወደዚያች ኬላ ነበር።

ከኬላዋ አጠገብ ተደርድረው ያሉት ክብ ጎድጓዶች ግን ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋቡኝ ናቸው። ጣቴን በየተራ አገባሁባቸው። ምን ይሆን እንዲህ እኩል እኩል ሆኖ የሚቀመጥ አልኩ። ያኔ ብቻ ነው ዓይንህን ከዓይኔ ያነሣኸው። ከዚያ ‹‹ሎሚ ቤት ነው›› አልክ። በሚቀጥለው ጉዞህ ከቆላ ሎሚ አምጥተህ ሞላሃቸው፤ ልክክ አሉ። የመንገዱ ስም ጨዋታ መሆኑን አውቅ ነበር። የሎሚውን ግን አመንኩህ። አንዱን ባወጣሁ ቁጥር የምትተካውም አንተ ነበርክ፤ እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን ጎድሎ አላየሁትም።

በጥቅምት መጨረሻ ከመተማ ንዳድ ይዞህ መጣህ። ሰውነትህ ምጣድ ሆኖ ሳለ እንኳ ሎሚውን ከከረጢትህ አውጥተህ በየቦታው አስቀመጥክ። ሦስተኛው ቀን ላይ ዓይንህን ሳትገልጥ ‹‹ስንዱ፣ ትንሽ ከሰሜን›› አልከኝ። በረዶውን በቢላ እጀታ ሰብሬ ከንፈርህ ላይ አደረግሁልህ። የሰበርኩት ሳይቀልጥ ነፍስህ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። እጄ የለመደው ለሁለት መሥራት ነው፤ ሽሮ ስሠራ ሁልጊዜ ይተርፋል። ድሮ ቢሆን ይበላሽ ነበር፣ አልቅሼ እደፋው ነበር፣ ያልቅ ነበር። ይህ ፍሪጅ ግን ድርሻህን ያቆይልኛል። ጎንደር ላይ አስቀምጠዋለሁ። በማግስቱ ሳይበላሽ ይጠብቀኛል፤ ያንተን ድርሻ እኔው እበላዋለሁ። ክሩን እከረክማለሁ፣ ላምባውን እሞላለሁ፣ ሰማያዊው ነበልባል ሲቃና አይቼ እነሣለሁ። የሺ በአጥር በኩል ‹‹ነጩ ባልሽ ደኅና አደረ ወይ?›› ትለኛለች። እኔም ደኅና አድሯል እላታለሁ። በቀን ውስጥ ከአፌ የሚወጣው ቃል ይኸው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሎሚዎቹን አልነካኋቸውም። ጠቆሩ፣ ደረቁ፣ እንደ ጠጠር ሆኑ። በሩን ስከፍተው በየጎድጓዳቸው ይንኳኳሉ። ሌላ ገዝቼ ለመተካት ቅዳሜ ገበያ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ሽንኩርት ይዤ ተመለስኩ። የምትተካው አንተ ነበርክና።

አሁን ወደ ሙት ዓመትህ ልምጣ። ፍትሐቱ ተደርሶ፣ ካህናቱ በልተው፣ ድንኳኑ ውስጥ ዘመድና የቅርብ ሰው ብቻ ሲቀር ታላቅ ወንድምህ አያ ተሰማ ተነሡ። ጠዳ ላይ መንገድ ዳር ያለው ጠጅ ቤታቸው አድጓል፤ አሁን ቢራም ይሸጣሉ። ፍሪጁን ሊወስዱት ሁለት ሰውና ገመድ ይዘው ነበር የመጡት። ክፉ ልብ እንዳልነበራቸው አውቃለሁ፤ ‹‹የወንድሜ ዕቃ ሲሠራ ልየው›› ነው ያሉት። እኔ በሰው ፊት መናገር አልችልም አይደል፣ ተከትያቸው ወደ ቤት ገብቼ ጥግ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ የፍሪጁን ወገብ በገመድ አሰሩት። ላምባውን ሊያጠፉ አንዱ ሲያጎነብስ ግን እግሬ ሳላዘው ተነሥቶ ከፊቱ ቆመ። ቆይ አልኩ።

አያ ተሰማ ገረማቸው። ‹‹ምነው ስንዱ? ለአንድ ነፍስ ይህን ሁሉ ላምባ ማንደድ ምን ይባላል? እስቲ ምን ታኖሪበታለሽ፣ ንገሪንና እንተወው›› ብለው በሩን ተከትሎ በገባው ሰው ሁሉ ፊት ከፈቱት። ከድርሻህ ሳህንና ከአንድ ጠርሙስ ውኃ በቀር ባዶ ነበር። ጣታቸውን ወደ ላይ ሰደው ‹‹ይህ ምንድር ነው?›› አሉኝ።

ሰሜን ነው አልኩ።

ሰው ሳቀ። ከሥሩ ያለውን ዝርግ ሳህን አሳዩኝ፤ ሊማሊሞ አልኩ። የሺ ‹‹እሰይ፣ ከተናገረች አይቀር!›› አለች። ደባርቅ አልኩ፣ ዳባት አልኩ፣ ጎንደር አልኩ፣ ቆላ አልኩ። አንተ እንዳልከው፣ በዚያው ተራ። ኬላዋ ላይ ስደርስ የሚስቅ አልነበረም፤ የምናገረው በማን አፍ እንደሆነ ገብቷቸዋል መሰለኝ። ጎድጓዶቹን ሲያሳዩኝ ሎሚ ቤት ነው አልኩ።

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። መሐሪ ነበር፤ ከአሥመራ አብሮህ ፍሪጁን የጫነው የሾፌር ጓደኛህ። ሰው የታመመ መስሎት ዞረለት። ከጋቢው ውስጥ ሆኖ ‹‹የእንቁላል ነው›› አለ።

ከዚያ ገለጠና ተናገረ። አገሩ ሊገባ ተነሥቶ ፍሪጁን የሸጠላችሁ ጣሊያን ቋንቋችሁ ስላልተግባባ ከማድ ቤቱ እንቁላል አምጥቶ አንድ በአንድ እየደረደረ አሳያችሁ። ኬላዋን ደግሞ ቅቤ አምጥቶ አሳያችሁ። የሺ እዚህ ላይ ‹‹ቅቤማ ቅል እያለለት!›› ብላ ነበር። መሐሪ ቀጠለ። ደባርቅ ላይ እራት ስትበሉ ‹‹ሚስቴ ይህን ጎድጓዳ ምንድር ነው ማለቷ አይቀርም። የእንቁላል ነው ብላት፣ ዶሮዎቿ አልቀዋል፣ በሩን በከፈተች ቁጥር ባዶውን ልታይ ነው። የሎሚ ነው እላታለሁ። ሎሚ እኔ አመጣላታለሁ›› አልከው።

አለቤ፣ እኔ ስለ ፍሪጁ የጠየቅሁህ መስሎኝ ነበር። አንተ የመለስክልኝ ግን ስለ ፍሪጁ አልነበረም።

አያ ተሰማ ከጎድጓዱ አንዱን የደረቀ ሎሚ አንሥተው በጆሯቸው አጠገብ አንኳኩት። ‹‹ከልጅነቱም ውሸት ያምርበት ነበር›› አሉ። መልሰው በቦታው አስቀመጡትና ዕንባቸውን ላለማሳየት ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። ‹‹በሩን ዝጉት፣ ብርዱ ይወጣል። ገመዱንም ፍቱ። ቢራ በጉድጓድ ውኃም ይቀዘቅዛል›› አሉ። ሲሄዱ በር ድረስ ሸኘኋቸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ጠዳ ሄዱ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሰው ተበተነ፣ እኔም ካንተ ዝምታ ጋር ቀረሁ። ዝምታው ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። አንድ ነገር ነግሮኝ ዝም ያለ ሰው ዝምታ ሆነብኝ።

በሦስተኛው ቀን የሺ በነጠላዋ ጠቅልላ ሁለት ቄብ አመጣችልኝ። ‹‹ነጩ ባልሽ እንቁላል ይወዳል አሉ›› አለች። ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ሁለቱም ሮጠው መጡ። አንዷ መጣል ጀምራለች። እንቁላሏን ወስጄ ከበሩ ፊት ቆምኩ፤ አሁን ትክክለኛውን ቦታ አውቀዋለሁ። ቆላ አወረድኳት፣ ከጎመኑ አጠገብ።

ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ሄጄ ነበር። ሽንኩርት ሻጯን አለፍኳትና ሎሚ ገዛሁ። የደረቁትን ሰብስቤ፣ ደብሩ ግቢ ካረፍክበት ድንጋይ ሥር ቀበርኳቸው። አዲሶቹን አንድ በአንድ ሞላኋቸው። ልክክ አሉ። በሩን ዘጋሁት፣ ከዚያ መልሼ ከፈትኩት። የሚያየው ሰው ስላልነበረ ብቻዬን አየሁት። እኔ እስካለሁ፣ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቢያርመኝም እንኳ፣ ይህ ሎሚ ቤት ነው። ባዶ አላደርገውም። መንገድህንም በየመደርደሪያው እነካዋለሁ፤ አንድም አገር አልዘልም።

ኬላዋን ብቻ ባዶዋን ትቻታለሁ። ከረሜላ ከሱቅ አጥቼ አይደለም፤ ቀረጥ መንገደኛ ነው የሚከፍለው እንጂ ኬላ ጠባቂ ለራሱ አይከፍልም። እዚያ ስመጣ፣ ጫማህን ሳታወልቅ፣ የቀረብህን ትከፍለኛለህ።

ስንዱ