አባዬ፣ ስለዚያ ከፍ ስላለው ቁጥር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሙት ዓመትህ ካለፈ ወዲህ ወደ ቤታችን ብቅ የሚል ሰው ቀንሷል። እኔና እማዬ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን እንከፍታለን፤ ማንኛችንም ግን አናየውም። በወንበርህ ላይ የታጠበ ልብስ መደርደር ጀምረናል፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሚኒባስህን የገዛው ሰው አሁንም በሸጎሌ መስመር ታክሲ ይሠራባታል። ሳያት ፊቴን አዞራለሁ እንጂ አልሳፈርባትም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን ራዲዮሎጂ እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ጥናቴም አንተ በተነሣኸው ምርመራ ላይ ነው፦ ኤምአርአይ በጉበት ዕጢ ውስጥ ያለው ውኃ ምን ያህል እንደ ልቡ እንደሚንቀሳቀስ ሲለካ፣ የሚሰጠን ቁጥር ምን ያህል ይታመናል? መድኃኒቱ ዕጢውን ሲያዳክመው ውኃው መንገድ ያገኛል፤ ቁጥሩም ከፍ ይላል። መድኃኒቱን ከጀመርክ በኋላ የሁለተኛው ምርመራህ ቁጥር ከፍ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙ ተስፋ ሰጪ ነው ያለን ለዚህ ነበር። እማዬ ቁስቋም ድረስ በእግሯ ወጥታ ስለቷን አስገባች። አንተም ለጎረቤቱ ሁሉ "ውኃው ተንቀሳቅሷል" እያልክ አወራህ፤ የቱ ውኃ ብሎ የጠየቀህ ግን አልነበረም።

በጥናቴ የምንሠራው ቀላል ነገር ነው። ታካሚውን መርምረን እናስነሣዋለን፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ መልሰን አስተኝተን ያንኑ ምርመራ እንደግመዋለን። በመካከሉ መድኃኒት የለም፤ ዕጢውም ያው ዕጢ ነው። ቁጥሩ ግን ያው አይሆንም። በተለይ ዕጢው እንዳንተ በጉበቱ ግራ በኩል፣ ከልብ ሥር ሲሆን የልብ ምት ያናውጠዋል። ታካሚው ትንፋሹን በደንብ ካልያዘ ደግሞ ውኃው ከእውነቱ በላይ የተንቀሳቀሰ ይመስላል።

ይህን በተረዳሁ ቀን ሁለተኛው ምርመራህ ትዝ አለኝ። በመጀመሪያው ፈርተህ ድምፅህም አልተሰማም ነበር። በሁለተኛው ግን ማሽኑን የምታንቀሳቅሰውን ባለሙያ ተላምደሃት ነበር፤ እኔም ከምርመራ ክፍሉ መስታወት ወዲህ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። "ትንፋሽዎን ይያዙ" ባለችህ ቁጥር "እሺ ልጄ" ትላታለህ። እየሳቀች "አባባ፣ አይመልሱልኝ፤ ዝም ብለው ብቻ ይያዙ" ብላ ለመነችህ። "እሺ፣ አልመልስም" አልካት። "ወራጅ አለ" ላለህ መንገደኛ ሁሉ "እሺ" ስትል ለኖርክ ሹፌር፣ ለሚያናግርህ ሰው ዝም ማለት ነውር ነበር።

ቁጥሩን ከፍ ያደረገው መድኃኒቱ ይሁን ትሕትናህ፣ አላውቅም። በሁለቱ ምርመራዎችህ መካከል የነበረው ልዩነት፣ ያለ አንዳች መድኃኒት በሌሎች ታካሚዎች ላይ ከማገኘው አይበልጥም። ስለዚህ ተሽሎህ ነበር ማለት አልችልም፤ አልተሻለህም ነበር ማለትም አልችልም። መምህሬ ውጤቱን አይተው ጠቃሚ ነው አሉኝ። ስለ አንተ ግን አልነገርኳቸውም። የምነግረው ሰው ባስብ ካንተ በቀር ማንም አልመጣልኝም።

እማዬ ለሚጠይቃት ሁሉ "ተሽሎት ነበር እኮ፤ በኋላ ነው የከፋበት" ትላለች። ባለፈው እሑድ ስለ ጥናቴ ጠየቀችኝና፣ ያ ቁጥር እውነት ነበር ወይ አለችኝ። ልዋሻት አልቻልኩም። የማውቀውንም የማላውቀውንም ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ቧንቧ ውኃ መጥፋትና ስለ ሽንኩርት መወደድ ብቻ ሆነ። አንተን ከማንም በላይ የምናውቅ ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ቤት ውስጥ ስምህን ሳናነሣ ስንውል፣ እንደገና የቀበርንህ ያህል ተሰማኝ። እውነቱን መናገሬ ትክክል ነበር፤ ብቻዬንም አስቀረኝ።

ትናንት ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "በዚያ ሰሞን ግን ይበላ ነበር፣ አይደል?" አለችኝ።

"ይበላ ነበር። ጨምሪልኝም ይልሽ ነበር" አልኳት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ በዚያው ሰሞን ያለ ምርኩዝ እስከ አስፋልቱ ትወርድ እንደነበር አስታውስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላስታውስም አልኳት። እርሷ ግን ታስታውሳለች፤ የለበስከውን ሹራብ ሳይቀር ነገረችኝ።

ቃሌ ይህ ነው፣ አባዬ፦ ባላየሁት አላሳምርህም፤ ካየሁትም አላጎድልብህም። እኔ ያላየሁትን ከእማዬ እየተቀበልኩ እይዘዋለሁ።

ልጅህ