ሦስተኛው አዳራሽ እንዳይዘጋ ስለ መለመን

ለተከበሩ የከተማችን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ዝናብ በጣለ ቁጥር በባልዲ ለሚታከመው የሙዚየሙ ጣራ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ላሳጣዎት ፈልጌ አይደለም፤ ጉዳዬን በቃል ላቀርብ ደጋግሜ ወደ ቢሮዎ ብመጣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን እጅግ በሚያምር ፈገግታ ስለሚነግሩኝ ነው። ለፈገግታው አመሰግናለሁ።

ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነኝ። እንጀራዬ ከሰው አጠገብ ተቀምጬ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር መንገር ነው፤ «ቀይ መብራት ነው»፣ «ሴትዮዋ ልትሻገር ነው»፣ «ስፖኪዮህን እይ»። ይህንኑ ስሠራ ኖሬ አሁን ከመኪና ስወርድም ማቆም አቅቶኛል። ሰርግ ላይ ሙሽሪት መምጣቷን ለሙሽራው የማበስረው እኔ ነኝ። እራት ላይ ሾርባው ትኩስ መሆኑን ለሠራችው ለባለቤቴ አስረዳለሁ።

ባለፈው ወር መጀመሪያ ይህችው ባለቤቴ ልብሷን በሻንጣ ከትታ «ለጥቂት ጊዜ እህቴ ጋ ልቀመጥ ነው» አለችኝ። አልተጣላንም ነበር። በሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራ፣ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ የማታውቅ ሴት ናት። ምን አደረግሁሽ ብላት «ምንም አላደረግከኝም። ግን ካንተ ጋር ሆኜ አንድ ነገር በራሴ ዓይን አይቼ አላውቅም። ሁሌ ቀድመህ ትነግረኛለህ» አለች። እኔም ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ወዲያውኑ ነገርኳት።

ያን ጊዜ ያዳነኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። «በዚህ ወር ሊያመልጧችሁ የማይገቡ ሦስት ዐውደ ርእዮች» የሚለውን የጋዜጣ ማስታወቂያችሁን ባለቤቴ በእስክሪብቶ አክብባው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። አንድ ቅዳሜ ብቻ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ሻንጣውን በሩ አጠገብ እንዳቆመች «እሺ፣ ሙዚየሙን እናያለን። ከዚያ ታደርሰኛለህ» አለች።

ክቡር ሆይ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል ሲገጥመው ምን ያደርጋል መሰለዎት? አፉን መዝጋት ይለማመዳል ካሉ አላወቁኝም። መጽሔታችሁን ገዝቼ ሳምንቱን ሙሉ ሸመደድኩት። አንዲት ሠልጣኜ መሪውን ጨብጣ አደባባዩን ደጋግማ ስትዞር እኔ አጠገቧ ስለ ብርሃንና ጥላ አነብ ነበር። የት እንደምትወጣ ያልነገርኳት በሙያ ዘመኔ እሷ ብቻ ናት፤ እስካሁን ብትዞር አይገርመኝም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ መጀመሪያው አዳራሽ። በሥዕሎቹ ሥር የለጠፋችኋቸው መግለጫዎች ያለፈው ዐውደ ርእይ መሆናቸውን እኔ በምን ልወቅ? አንዲት የጠገበች ፍየል ጠረጴዛ ላይ ወጥታ የጠረጴዛ ልብሱን ስትበላ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሥሩ ያለው ጽሑፍ «ከቀብር በኋላ» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠራጠር ነበር፤ እኔ ግን የተዘጋጀሁ ሰው ነኝ። «ዓይኗ ውስጥ ያለውን ሐዘን ተመልከቺ» አልኳት ባለቤቴን። «የምትበላው ጨርቅ ትዝታ ነው። ጠረጴዛው ሟቹ የተወው ባዶ ቦታ ነው።» ድምፄ ሠልጣኝ የለመደ ስለሆነ ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ነጠላ ጫማ ያደረጉ አጭር አሮጊት ብቻ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ፍየሏ ማን ሞቶባት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «እማማ፣ ሥዕል እንዲሁ አይታይም፤ ዓይን መሠልጠን አለበት» አልኳቸው። «እውነትህን ነው» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ቀጥሎ ዝናብ የመታው የእጅ ጋሪ ነበር፤ ጽሑፉ «የሠዓሊው አባት» ይላል። ስለ አባትነት ሸክም የተናገርኩትን እዚህ አልደግምም። በዚያ ማብራሪያ ላይ ያለኝ ብቸኛ ቅሬታ ጥሩ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥበቃችሁ። ይህ ሰው ከፍየሏ ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ ሲያዳምጠኝ ቆይቶ፣ ከብዙ ሥዕል በኋላ ጠጋ አለና በእሱ ቤት በሹክሹክታ፣ በእኔ ቤት ግን አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ጋሼ፣ አዲሶቹ ጽሑፎች ገና አልታተሙም፤ እነዚህ የድሮዎቹ ናቸው። እኚያ እማማ ደግሞ ሠዓሊዋ ናቸው» አለኝ። ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ብዬ ብጠይቀው «ደስ ይል ስለነበር ነው» አለ። ይህ ሰው ወይ እንዲቀጣ ወይ እድገት እንዲሰጠው እጠይቃለሁ፤ የትኛው እንደሚገባው አልቆረጠልኝም። ባርኔጣውን ያወለቀው ሰውዬ መልሶ አጠለቀና ከላይ እስከ ታች አየኝ። መሬት ብትከፈት ምስጋናዬ የላቀ ነበር።

ባለቤቴ ምን አለች ብዬ ዞር ስል የለችም።

ሦስተኛው አቤቱታ ስለ ሁለተኛው አዳራሽ መሆን ነበረበት። ምን እንደተሰቀለበት ግን አላውቅም፤ በሩጫ ነው ያለፍኩት። ወደ ውጭ ወጥቼ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ፣ መኪናዬ ጋ ደረስኩ፣ ተመልሼ ገባሁ። ሻንጣዋ መኪናው ውስጥ እንዳለ ነበር። ያለ ሻንጣዋ የሄደች መሰለኝ፤ ከነሻንጣዋ ከምትሄድ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

ሦስተኛው አዳራሽ ውስጥ፣ ጀርባ በሌላት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷ ያለው ትልቅ ሥዕል ሰው የሌለበት ክፍል ነው፤ ገርበብ ያለ መስኮት፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የተጣለ ኮት። መግለጫ የሚባል ነገር አልተለጠፈበትም፤ ለዚህ ቸልተኝነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አፌን ስከፍት ሳትዞር እጇን አነሳችና «እባክህ» አለች። ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ በልቤ ማሠልጠኔን ቀጠልኩ፤ መስኮት፣ ወንበር፣ ኮት። ከዚያ የምለው አለቀብኝ። ሲያልቅብኝ የኮቱ አንድ እጅጌ የተገለበጠ መሆኑን አየሁ፤ ሰው በጥድፊያ ሲያወልቀው እንደሚሆነው። አጠገቤ ባለቤቴ ታለቅስ ነበር። አልነገርኳትም።

ዓይኗን ከኮቱ ሳታነሳ «አባዬን ሆስፒታል የወሰዱት ቀን ቤታችን እንዲህ ነበር» አለች። «ኮቱ እንደተጣለ ቀረ። እማዬ ማንም እንዳይነካው አለች።» አማቼ እሷ ልጅ ሳለች መሞታቸውን አውቃለሁ፤ ስለ ኮቱ ግን በትዳራችን ሁሉ ሰምቼ አላውቅም። ለመስማት፣ ክቡር ሆይ፣ ሌላው ሰው የሚናገርበት ክፍተት ያስፈልጋል።

ያን ጊዜ አሮጊቷ ሠዓሊ ከኋላችን ደረሱ። ይቅርታ ልጠይቅ ብድግ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝና «ተወው ልጄ። ፍየሏ የጎረቤት ናት፤ የበላችውም የእኔን የጠረጴዛ ልብስ ነው። ያንተን ሰምቼ ግን አዘንኩላት» አሉ። ባለቤቴ ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ሳቀች፤ ጥበቃችሁ ሳይቀር እየሮጠ መጣ። ይህን ሳቅ የሰማሁት መቼ እንደነበር ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።

እንዲያም ሆኖ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እኔው ነኝ ያደረስኳት፣ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል ሳልተነፍስ። በር ላይ ስትወርድ ግን «ቅዳሜ እዚያው ወንበር ላይ እሆናለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እንገናኛለን። ባለፈው ሳምንት «አንተስ ምን ይታይሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንጃ» አልኩ። ቦርሳዋን ከመሃላችን አንስታ ወለል ላይ አስቀመጠችና ጠጋ አለች።

እንግዲህ ጉዳዬ ይኸው ነው። በዚያው ባለፈው ቅዳሜ ስንወጣ በሩ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ሦስተኛው አዳራሽ «ለሌላ ዝግጅት» ሲባል ከተባለው ጊዜ ቀድሞ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚዘጋ ይገልጻል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አንብባው ሄደች። አዳራሹ ለአንድ ወር ብቻ እንዲራዘም፣ ይህ ካልተቻለ ሥዕሉ ኮሪደር ላይም ቢሆን እንዲሰቀል፣ ይህም ካልተቻለ አግዳሚ ወንበሯን እንድታውሱኝ በትሕትና እለምናለሁ። በምላሹ ለሙዚየሙ ሾፌር መኪና ወደ ኋላ መንዳትን በነፃ አስተምራለሁ፤ እንደሚያስፈልገው የግቢያችሁ በር ምሰሶ ምስክሬ ነው።

ውድ ጊዜዎን በዚህ ተራ የትዳር ጉዳይ ስላባከንኩ እጅግ አፍሬ፣ ለሥነ ጥበብ ያለዎትን ፍቅር ከሩቅ እያደነቅሁ፣ ከወንበሬ ግማሹ ላይ ብቻ ተቀምጬ መልስዎን የምጠባበቅ፣

ታዛዥዎ
የመንዳት አሠልጣኙ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ጸሐፊዎ ደውለው ሦስተኛው አዳራሽ የተፈለገው የእርስዎን የሥራ ዘመን ለሚዘክር የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ መሆኑን ነገሩኝ። እንኳን ደስ አለዎት። ባለቤቴ በመክፈቻው ዕለት ሥራ ስላለባት ይቅርታ ትጠይቃለች፤ እሷ ገና ቀኑን አልሰማችም። እኔ ግን አልቀርም። ዝምታን ብቻዬን የምለማመድበት፣ ሰው ገብቶ የማይረብሸኝ አዳራሽ ሳፈላልግ ነበር።