የአባባን ሰንጢ ማን ንካ አለህ?

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህ ሞረዱ ላይ ስታጎነብስ ዛሬም ይይዝሃል ወይስ ተሻለህ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃውን ይወጣላታል? ባለቤትህስ፣ ትንሿስ? ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ፊደሌ ቢንጋደድባችሁ የዚህ ክፍል ጠረጴዛ አንካሳ ስለሆነ ነው፤ አንድ እግሩ አጭር ነው።

ሰላምታዬን ለእማዬ ስል አስረዘምኩት እንጂ አንተንስ ተቀይሜሃለሁ።

የአክስታችን ልጅ፣ ሾፌሩ፣ የላክኸውን ካርቶን የዛሬ ሦስት ሳምንት አደረሰልኝ። አሥራ ሁለት ሰንጢ። እንደ ወትሮው እዚህ የምሸጥልህ የአባባ ሰንጢ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ባልከፈትኩት። እጀታው ወፍሯል፤ ጎንና ጎኑም ቦይ ቦይ ወጥቶበታል። ሞላው ላልቷል። ስለቱን በጥፍር የምንስብባት ጭረት ጠፍታ በምትኳ አንዲት ጉጥ ተተክላለች። አባባ አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ምስማር ሳይቀይር የሠራውን፣ አንተ እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንዳልነበረ አደረግኸው።

እዚህ የሰንጢ ወዳጆች እንዳሉኝ ታውቃለህ። ቅዳሜ ከሰዓት ጫማ ሰፊው ቤት፣ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ እንሰበሰባለን። ጫማ ሰፊው አለ፤ አትክልተኛዋ አለች፤ ሚዛን የምንለው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አለ። ሚዛን ያልነው ሰንጢ ሁሉ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ግራሙን ስለሚናገር ነው፤ ደግሞ አይሳሳትም። ሰንጢ ሲዘጋ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን የሚያዳምጡ ሰዎች ናቸው። ሦስቱም በኪሳቸው የአባባን ሰንጢ ይዘው ነው የሚዞሩት። ለእነሱ አባባ አልሞተም።

ካርቶኑን ይዤ የገባሁ ቀን የደረሰብኝን ለጠላቴም አልመኝ። ሚዛን አንዱን አነሳና ወዲያው መልሶ አስቀመጠው፤ ይህ ሰንጢ ሳይሆን ማንኪያ ነው አለ። አትክልተኛዋ ደግሞ፣ የአባትህ ሰንጢ ሲዘጋ ቀጭ ይል ነበር፣ ይኼ እንደ በሽተኛ ያቃስታል አለችኝ። ጫማ ሰፊው መነጽሩን አድርጎ በአውራ ጣቱ ጉጧን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣት። በቀኝ እጅ ሲይዙት ጉጧ ከአውራ ጣት ሸሽታ በወዲያኛው ጎን ትውላለች። ይህን የሠራው ሰው ሲሠራ ጠጥቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ፊቴን የት ላግባው?

ስምህን ተከላክዬልሃለሁ ብልህ ውሸት ነው። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሚዛን በዚያ በሚያምር የፖስተኛ ጽሕፈቱ የተቃውሞ ወረቀት አዘጋጀ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። መጨረሻው ላይ፣ ጉጧን እዚያ የተከላት ሰው አፍንጫው ላይ ትብቀልበት ይላል። አትክልተኛዋ ናት ያስጨመረችው። ሁሉም ፈረሙ። እኔን ፈርም ሲሉኝ፣ ወንድሜን በፊርማ አልከስም ብዬ አለፍኩ።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። ካርቶኑ እንዳለ ይመለስልሃል። በድሮው መልክ የማትሠራ ከሆነ ስለቱ ሥር የምትመታውን የአባባን ማኅተም አንሳና የራስህን ምታበት። ይህን ካላደረግህ ደብዳቤ መጻጻፋችን ይቅር። ሆድና ጀርባ ሆነን እንኑር።

እዚህ ድረስ ያለውን ሐሙስ ነው የጨረስኩት። ዛሬ እሁድ ነው። ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ግን ይህችን ለመጻፍ አራት ቀን ስለፈጀብኝ አሳዘነኝ። እንዳለ ይድረስህ።

ትናንት ጫማ ሰፊው ቤት እንደ ልማዴ ስለ አንተ ሳወራ ሰውየው መርፌውን አስቀመጠና፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጮህ አንድ ቀን እንኳ ስትከፍተው አላየንህም፣ እስቲ እጅህን ከኪስህ አውጣና ሞክረው አለኝ። እልህ ያዘኝ። ግራ እጄን አወጣሁ። ወንድም ጋሼ፣ ጉጧን አልፈለግኳትም። አውራ ጣቴ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ስለቱ ያለ ምንም ትግል ተከፈተ። ጭኔ ላይ ገፋ ሳደርገው ተዘጋ። እንደገና ከፈትኩት። ወፍራሙ እጀታ በደካማው እጄ አልተንሸራተተም። ሚዛን ኪሴ ውስጥ የቀረውን ቀኝ እጄን ትክ ብሎ አየና የተቃውሞ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ይደርስሃል ያልኩህ ስለዚህ አልደረሰህም። አትክልተኛዋ ግን አልተበገረችም፤ ለአንተ ይሁንልህ፣ ለእኔ አሁንም ማንኪያ ነው አለች።

ጠረጴዛው ምንም አልሆነም። ከስምንት ወር በፊት በምሠራበት እንጨት ቤት የመጋዙ ማሽን ቀኝ እጄን አገኘው። ጣቶቼ አሉ፤ ግን አይታጠፉም፣ ብርጭቆ እንኳ አይጨብጡም። አለቃዬ አላባረረኝም፤ በግራ እጄ ቫርኒሽ እቀባለሁ። የአባባን ሰንጢ ሰው ሳያይ በጥርሴ ነበር የምከፍተው። ወረቀቱ ላይ ያልፈረምኩትም ለአንተ አስቤ አይደለም፤ ስሜን እንደ ሕፃን ስጽፍ እንዳያዩኝ ነው።

ሾፌሩ ነው የነገረህ። ከካርቶኑ በፊት በመጣ ጊዜ ሻይ በግራ እጄ ስቀዳለት እጄን እጄን ሲያየኝ ነበር። አንተም ሰምተህ ዝም አልክ። ዝም ብለህ የአባባን ሰንጢ ለግራ እጅ ገለበጥከው። አንዱን ብቻ ልከህልኝ ቢሆን፣ ይኼ ለአካለ ጎዶሎ ነው ብዬ መንገድ ላይ እንደምወረውረው አላጣኸውም። ያሳደግኸኝ አንተ አይደለህ። እኔን ላለማሳፈር አሥራ ሁለቱንም አበላሸህ፤ ስድቡንም ቁጭ ብለህ ልትጠጣ ተዘጋጀህ።

አሁንም ተቀይሜሃለሁ። ሰው ወንድሙን እጅህ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ አቅቶት የሟች አባቱን ሥራ ያፈርሳል? ብትጠይቀኝ እዋሽህ ነበር፤ ቢሆንም መጠየቅ ነበረብህ። አሥራ አንዱን መልሼልሃለሁ። ለእነዚህ ሰዎች የድሮውን ሥራላቸው፤ ጥፍር ማስገቢያዋ ትመለስ፣ ሞላው ይጥበቅ፣ ቀጭ ይበል። አሥራ ሁለተኛው እኔ ጋ ይቀራል። የአባባን ማኅተም አንሳ ያልኩህን ግን እንዳታነሳ።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ የሠራችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ትንሿን፣ የወለቀ ጥርስሽን ለአጎትሽ አስቀምጪለት በላት። ሾፌሩን ምላሱ ይቆረጥ በልልኝና ሲመጣ ሻይ እንዳለው ንገረው። ለእማዬ ደብዳቤውን ስታነብላት ጠረጴዛው አንካሳ ነው እስካልኩት ድረስ አንብብላትና እዚያ ላይ አቁም።

ታናሽ ወንድምህ
ከጫማ ሰፊው ቤት ማዶ ካለችው ክፍል፣ እሁድ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን