ነጩን ነገር የሚፈልገው ሳጥን

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ኮሌጁ ላብራቶሪ ገብቼ እንደ ወትሮው የአይጦቹን ሰጋቱራ ቀየርኩ። ካሪን፣ የኛው ላብራቶሪ ልጅ፣ ዶክቶራት የምትሠራዋ፣ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። እርጉዝ ናት፣ ሰባት ወሯ ነው፤ ሐኪሙ "ከነገ ጀምሮ ተኚ" ብሏታል። ሙከራዋ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ከሰንበት በቀር በየቀኑ ካልሠሩ አይጦቹ የተማሩትን ይረሳሉ፤ የአምስት ወር ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

"እኔ አለሁ አይደል?" ከአፌ አመለጠኝ...

"እትዬ ሰናይት፣ ኮምፒውተር እኮ ነው!"

"ታዲያስ? ይነክሳል? የሚነክሱትን ችያለሁ።"

ሳቀች። እሰይ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ካሪን አፍሪዳር ሰፈር ቤቷ ተኝታ በስልክ ታስተምረኛለች። ፕሮግራም ሲሉ ጽሑፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር... ሥዕል ነው ለካ! ሳጥን ከሳጥን በመስመር ማገናኘት። አንዱ ካሜራው። ቀጣዩ ነጩን ነገር ይፈልጋል፤ ነጭ አይጥ ጥቁር ወለል ላይ። ሦስተኛው፣ ወለሉ ላይ ያለውን ምልክት አለፈች ወይ? ካለፈች ውሃ ጠብ።

"መቼ ነው የማዘው?"

"አታዢውም። ይጠብቃል። ነገር ሲመጣ ብቻ ይነሳል።"

ጆሮው ደጅ ላይ ያለ ጎረቤት በይኛ! ገባኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

አሥራ ስድስት ጊዜ ደወለች። ሠራ? ሠራ። አሁንስ?... ይሄ ነው ዕረፍት?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ወይ ጉዴ! ጠዋት ሚግዳል ሰፈር የእትዬ ሀረጓ የልጅ ልጅ ግርዛት ነበር፤ ከነነጠላዬ በአውቶቡስ በቀጥታ ወደ አይጦቹ። ገና ስጀምር ውሃው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ... አይጧ ጥግ ይዛ ቁጭ ብላለች!

ካሪን ከቤቷ በኮምፒውተሯ አየችው። "ኦይ፣ ተበላሸ!"

ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ካሜራው ደህና። ነጩን የሚፈልገው... አገኘሁ የሚለው አይጥ አይደለም፤ የነጠላዬ ጫፍ! ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ካሜራው ሥር ይገባል። ነጭ ፈልግ ተባለ፣ ነጭ አገኘ፤ እሱ ምን አጠፋ?

ነጠላዬን በሩ ላይ ሰቀልኩ፤ ጠብታው ቆመ። ካሪን በሳቅ ሞተች። "የዚችን አይጥ የዛሬውን ውጤት ብቻ እንጥላለን" አለች። እኔ ደግሞ አንድ ሳጥን ጨመርኩ፦ ከአይጥ የሚበልጥ ነጭ ካየ ይለፈው። ማንም አላሳየኝም!

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

የመጨረሻው ቀን። ሁሉም አይጦች ሠሩ፣ ሁሉም ተመዘገበ። ካሪን ግን አልደወለችም። አንድም ጊዜ። ምጥ ይሆን እንዴ? ያለ ቀኑ?... ባሏ ኦሃድ ጋ ደወልኩ።

"ምን ሆነች?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ተኝታለች" አለኝ። "ኮምፒውተሩን ላምጣልሽ ብላት፣ 'እትዬ ሰናይት አለች አይደል' ብላ ዞራ ተኛች።"