በሥር የሚሄድ እሳት

ጥር 4
ዛፎቹን አጠጣሁ። አራት ዓመታቸው... በቁመት በልጠውኛል። ታናሽ ወንድሜ ከአጥሩ ወዲያ ከሰል ያከስላል። “እትዬ፣ ያንቺ ዛፍ እስኪደርስ ልጆቼ ምን ይብሉ?” ይለኛል። ለአጣና ሲደርሱ ግማሹ የእሱ ነው፤ እሱም ከሰሉን ይተዋል። ተስማምተናል። የቀረን አንድ ክረምት ነው።

ጥር 11
ወንድሜ አዲሱን የከሰል ጉድጓድ የቆፈረው አሮጌ ጉቶ ላይ ነው። ጉቶውም አብሮ ይከስልልኛል ብሎ። ስንፍናውን ብልጠት ያደርገዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አልኩት። “እሳት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም” ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ጥር 19
ከሰሉን አውጥቶ ጉድጓዱን በአፈር ደፈነ።

ጥር 27
አጥሩ ጥግ ያሉት ዛፎች ጠውልገዋል። ውሃ አልጎደለባቸውም... ምስጥ ይሆን?

የካቲት 2
ስኮተኩት አፈሩ ሞቀኝ። ፀሐይ ነው እንዳልል ጥላ ውስጥ ነኝ። ወንድሜን ጠራሁት። መዳፉን መሬት ላይ አሳርፎ ቆየ። ያ ቀልደኛ አልቀለደም።
“የድሮው ዛፍ ሥር... ደረቅ ነው እኮ” አለ።
ይህ ሁሉ ጫካ ነበር። አባታችን ቆርጦ ጨረሰው፤ ሥሩ ግን መሬት ውስጥ ቀርቷል። ጉቶው ውስጥ የቀረው እሳት በሥሩ እየተሳበ ነው። ወደ ዛፎቼ።

የካቲት 3
ውሃ አፈሰስን። መሬቱ ዋጠውና በእንፋሎት መለሰልን። ያለው መላ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ሥሩን መበጠስ ነው። በየት በኩል? በዛፎቹ መሃል። ፈራሁ።

የካቲት 5
መጥረቢያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ አልችልም አለ። ስንት ዛፍ የጣለ ሰው! ሦስት ረድፍ ጣልኩ፤ እያለቀስኩ። እሱ ቦዩን ሲቆፍር መሬቱ ከዳው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ፍም ውስጥ ገባ። ጩኸቱ ከጆሮዬ አልወጣም።

የካቲት 6
ሐኪሙ “እግሩ ይተርፍ ይሆናል” አለ። ይሆናል...

የካቲት 13
ቦዩን ብቻዬን ጨረስኩ። ወዲህ ያለው አፈር ቀዝቃዛ ነው። ደጋግሜ ዳሰስኩት፤ አላመንኩትም።
ከሰዓት የወንድሜ ሚስት መጣች። አቀርቅራ።
“እትዬ፣ የወደቁት ዛፎች... ልጆቹ ጦማቸውን ነው ያደሩት።”
ባሏ ሐኪም ቤት ተኝቷል። “ውሰጂ” አልኳት። ማክሰል እንደማትችል ያኔ ትዝ አለኝ። “ቆይ፣ አብረን እናከስለዋለን።”
ውስጡ የድሮ ዛፍ ሥር የሌለበት መሬት ፍለጋ በዶማ እየወጋን ዋልን። እስኪመሽ አንድም ቦታ አላገኘንም።