የማን የልጅ ልጅ?

አርብ፣ መጋቢት 8 ቀን 1998፣ ኦሮራ፣ አሜሪካ

ሰው የአያቱን ስም ሳያውቅ በአያቱ ይኮራል? አለቃዬ ኬቨን ኦብራየን ይኮራል። ዛሬ የአይሪሾች በዓል ነው ብሎ፣ ሌክውድ ያለው ቢሯችን ውስጥ አረንጓዴ ኮፍያ ደፍቶ “እኔ አይሪሽ ነኝ” ሲል ዋለ። አየርላንድን አንድም ቀን አልረገጣትም። ሰኞ ቋሚ ሊያደርገኝ ወይም ሊያሰናብተኝ የሚወስነውም ይኸው ሰው ነው።

“ላስት ኔምህ የአባትህ ስም ነው? ታዲያ ፋሚሊ የላችሁማ!” ብሎ ቢሮውን ሁሉ አሳቀብኝ።

“ስምህ ላይ ያለው ‘ኦ’ የልጅ ልጅ ማለት ነው፤ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። አያትህ ማን ይባላሉ?” አልኩት።

“ግራንድፓ” አለኝ። ባዶ ኮፍያ!

አውቶቡስ ውስጥ እየሳቅኩ የራሴን ቆጠርኩ። አባቴ፣ አያቴ... ቅድመ አያቴ ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። ሰኞ መልሶ ቢጠይቀኝስ? አባዬ፣ ይህን እንዳነበብክ እባክህ ስማቸውን ንገረኝ።